ሚሊና የወንድሙ ፓምፕ

ሰውየውን በደንብ አላውቀውም። ይህን አስቀድሜ መናገር ይሻለኛል። አሥራ አንድ ዓመት በእሱ ጋራዥና በእኔ የመለዋወጫ ሱቅ መካከል የነበረው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። አጥሩ ላይ እጅ የምታሾልክ ቀዳዳ አለች። ጎማ ወይም ብሎን ሲፈልግ በእሷ በኩል እጁን ይሰድና ምን እንደሚፈልግ ይናገራል፤ እኔ ዕቃውን መዳፉ ላይ አኖራለሁ፤ እጁ ይመለሳል። ብዙውን ቀን ንግግራችን ይኸው ነበር። ከፊቱ ይልቅ እጁን አውቃለሁ ብል ውሸት አይሆንም። ሚስቴ ይህን ስጀምር አይታ «ከሰው ጋር አፍ ገጥመህ ሳታወራ ስለ ሰው ትጽፋለህ እንዴ?» ብላኛለች። እውነቷን ነው። ሆኖም ያየሁትን አይቻለሁ፤ ከሆነውም ነገር ውስጥ የእኔ ጥፋት አለበት።

እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን ሚሊ ይለዋል። ሁሉን ነገር በሚሊ ሜትር ስለሚናገር ነው። «ይቺ ዳቦ ከትናንቷ በሦስት ሚሊ አንሳለች» ብሎ ከዳቦ ሻጯ ጋር ሲጨቃጨቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሻጯም «እንግዲያው በሦስት ሚሊ ቀንሰህ ራብ» አለችው።

ሥራው ካርቡራተር ነው፤ ሌላ ነገር አይነካም። ለማያውቅ ሰው፣ ካርቡራተር ቤንዚንና አየር ደባልቆ ለሞተሩ የሚያጎርስ ዕቃ ነው። ውስጡ ሲኒ የምታህል ገንዳ አለች፤ ገንዳዋ ላይ ሆዱ ባዶ የሆነ ናስ ይንሳፈፋል። ቤንዚኑ ከፍ ሲል ናሱ አብሮ ከፍ ይልና በምላሱ ትንሽ መርፌ ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋዋል፤ ዝቅ ሲል ይከፍተዋል። የሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ እንደሚሠራው ማለት ነው። ያቺን ምላስ አንድ ሚሊ ብታጣምማት ሞተሩ ወይ በጥም ይቆማል ወይ በጥጋብ ይታፈናል። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው እሳት ነው።

ሚሊን መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሰው ሲደበድብ ነው። ሱቁን የከፈትኩ ሰሞን፣ ዕቃ ልሸጥለት ብዬ ወደ ጋራዡ ገባሁ። አንድ የታክሲ ሹፌር ፊቱ ቆሟል። ሚሊ የተፈታውን ካርቡራተር ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያያል።

«ማን ነካው?» አለ።

«ማንም አልነካውም።»

«ምላሱ በጣት ተጣሟል። በፒንሳ የተጣመመና በጣት የተጣመመ አንድ አይደለም። ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ… ቤንዚን ስለበላብኝ ትንሽ ዝቅ ላድርገው ብዬ…»

ቃሉን አልጨረሰም። ሚሊ በያዘው ካርቡራተር አፍንጫውን መታው። አጥንት ሲሰበር የሚሰጠውን ድምፅ ያን ቀን አወቅሁ፤ ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ሹፌሩ ተቀመጠ። ደሙ ካርቡራተሩ ላይ ተረጭቶ ነበርና ሚሊ አየውና ተበሳጨ።

«አሁን ደግሞ ደምህን ልጠብ?» ብሎ ጨርቅ ወረወረለት። ከዚያ ገንዳዋን በቤንዚን አጠበ፤ ምላሷን በፒንሳ አቃና፤ ለካ፤ ገጠመ። ሹፌሩ አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ አፍንጫውን ይዞ ጠበቀው። በወሩ ያ ሰው ተመልሶ መጣ። እንዴት ደፈርክ ብዬ ስጠይቀው «እጁ አመል የለውም፤ ልኩ ግን ልክ ነው» አለኝ። አፍንጫው እስከ ዛሬ ወደ ግራ ያያል።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ ፊቱ አይለወጥም። ከዚያ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ሰው ሲመታ አይቻለሁ፤ አንዴም ሲጮኽ አልሰማሁም። ለምን እንዲህ እንደሆነ የነገረኝ ታናሽ ወንድሙ ማሙሽ ነው። ማሙሽ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት፤ ጭንቅላቱም መመለጥ ጀምሯል። ሆኖም እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው። እሱ እንደ ወንድሙ አይደለም፤ ያወራል፤ ይስቃል።

አባታቸው ጋራዡን የከፈተው ሰው ነበር። ሁለቱንም በግርፊያ አስተማራቸው። ግማሽ ክንድ የሚሆን የቤንዚን ጎማ ቆርጦ ሚስማር ላይ ሰቅሎ ነበር። ልጆቹ ናሱን ያስተካክላሉ፤ አባትየው የመሰርሰሪያ ብረት አንሥቶ፣ ውፍረቱን አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ በናሱና በክዳኑ መካከል ያስገባል። ብርሃን ከታየ ናሱ ርቋል፤ ቤንዚኑ ያንሳል፤ አንድ ግርፊያ። ብረቱ አልገባ ካለ ናሱ ቀርቧል፤ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ሁለት ግርፊያ።

«ለምን ሁለት?» አልኩት ማሙሽን።

«ሲያንስ ትቆማለህ፤ ሲበዛ ትቃጠላለህ። የአባዬ ሂሳብ ነው» ብሎ ሳቀ።

አንድ ቀን ማሙሽ ሦስት ጊዜ ተሳሳተ። በአሥር ዓመቱ ነው። አባትየው ጎማውን ተወና የልጁን ትንሽ ጣት ሞርሳ ውስጥ አስገብቶ አጠበቀ፤ ብረት የሚያዝበት ያ ጥርሳም ማጥበቂያ ማለቴ ነው። ማሙሽ ጣቱን አሳየኝ፤ ጫፏ ጠፍጣፋ ናት፤ ጥፍር የላትም።

«ጋሼ ከጎኔ ነበር» አለኝ። ጋሼ የሚለው ሚሊን ነው። «አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፤ ጉልበት ነበረው። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ የራሱን ይለካል።» ይህን ሲናገር ግን አልሳቀም።

አባታቸው ሲሞት ግቢውን በርሜል ደርድረው ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ ወገን ሚሊ ከካርቡራተሩ ጋር ቀረ። በሌላው ወገን ማሙሽ አዳዲሶቹን መኪኖች ይሠራ ጀመር፤ ካርቡራተር የሌላቸውን፣ ቤንዚን በኤሌክትሪክ ፓምፕ በኃይል የሚረጭላቸውን። በርሜሉን ተሻግረው ሻይ አብረው ይጠጡ ነበር። መሰዳደብም ነበር፤ ግን እንደ ወንድም።

ሚሊ የቤንዚኑን ግፊት የሚለካበት ዕቃ ነበረው። ከተዘጋ ክሊኒክ የገዛው የደም ግፊት መለኪያ ነው። ቤንዚኑ ቀስት ያላት ሰዓቷ ጋ እንዳይደርስ ረጅም ቱቦ አበጅቶላት በቱቦው ውስጥ አየር ይተውባታል። ካርቡራተር ከሁለት መቶ በላይ ግፊት አይወድም፤ ከዚያ ካለፈ ቤንዚኑ መርፌውን ገፍቶ ይከፍተዋል። ናሱ የቱንም ያህል ልክ ቢሆን አይዘጋም። ሹፌሮቹ ይቀልዱበት ነበር፤ «ሐኪም፣ ደም ብዛቷ ስንት ነው?» ይሉታል። «ከሚስትህ ያንሳል» ይላቸዋል።

ነገሩ የተጀመረው ማሙሽ አሮጌ ሚኒባስ ሲገዛ ነው። ጠዋትና ቀን ራሱ ይነዳታል፤ የሚስቱ ወንድም ረዳት ሆኖ ይሠራል። ሞተሯ ከፊት መቀመጫው ሥር ነው፤ ሹፌሩ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚነዳ ማለት ይቻላል። ካርቡራተር ያላት መኪና ናት። ሞተሩ ሲዞር አብሮ የሚሠራው የዱሮው ፓምፕ ሲቀደድ ማሙሽ ከአዲስ መኪና የወጣ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ገጠመላት። ከዚያ ወንድሙን ጠራው። እኔ በዚያች ቀዳዳ በኩል አያለሁ።

«ጋሼ፣ እስቲ ስማት! እንደ ልጃገረድ ነው የምትዘፍነው!»

«የምን ፓምፕ ነው?»

«የዚያች የነጯ መኪና። ብርቱ ነው።»

«ብርቱ» አለ ሚሊ። መለኪያውን አምጥቶ ገጠመ። «ቁልፉን ክፈት።»

ማሙሽ ቁልፉን አዞረ። ቀስቱ ሁለት መቶን፣ ሦስት መቶን አለፈ፤ ቁጥር ወደሌለበት ዞረ፤ ከውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰ፤ ቀስቱ ወደቀ።

«መለኪያህ ነው የሞተው» አለ ማሙሽ።

«ግፊት መቀነሻ ይግባላት። የተረፈውን ወደ ታንኩ የሚመልስ ቱቦ ይግባላት። ያለዚያ ይቺ መኪና ከዚህ አትወጣም።»

«አትወጣም? ባለቤቱ ማን ነው?»

«መቀመጫህ ሥር ነው የሚፈሰው፣ አንተ ልጅ። ይሄ ፓምፕ ደግሞ ሞተሩ ቢቆምም አይቆምም። ቁልፉ እስካለ ይረጫል።»

«እሺ አባዬ!» አለ ማሙሽ። ረዳቱ ሳቀ። «ግረፈኝ እንግዲህ! ጎማህ የታለ?»

ሚሊ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ሄደና ከተጠቀለለው ጎማ ቆርጦ ተመለሰ። ይቀልዳል ብዬ ነበር። ፊቱን ገረፈው። ማሙሽ እጁን ሲያነሣ ጆሮውን፣ ሲያጎነብስ ማጅራቱን ገረፈው፤ ሳይቸኩል፣ እየቆጠረ በሚመስል ሁኔታ። ረዳቱ ሊገላግል ገብቶ አንድ ክርን አፉ ላይ ተቀብሎ ወጣ። ማሙሽ የጎማ መፍቻ ብረት አገኘና የሚሊን ጭንቅላት ከጆሮው በላይ መታው። ቆዳው እንደ ከንፈር ተከፈተ። ሚሊ አልወደቀም፤ ወንድሙን በአንገቱ ይዞ እስከ በርሜሎቹ ጎተተው፤ የተቃጠለ ዘይት ከተጠራቀመበት በርሜል ውስጥ ጭንቅላቱን ደፈቀው።

ያን ጊዜ እኔም ሌላውም ሰው ሮጥን። አራት ሆነን የሚሊን ክንድ ለማላቀቅ ጊዜ ፈጀብን። «ልቀቀው! ገደልከው እኮ!» እንላለን፤ እሱ የማሙሽን እግር መወራጨት ያያል። በመጨረሻ ለቀቀው። ማሙሽ ከአንገቱ በላይ ጠቁሮ ወጣ፤ ነጭ የቀረው ጥርሱ ብቻ ነው። ዘይት እየተፋ አስታወከ። ትንፋሹ ሲመለስለት እንዲህ አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ መኪናዬን በጣትህ ብትነካ፣ ጣትህን ሞርሳ ውስጥ ነው የምከተው። ሰምተሃል?»

ሚሊ ሰምቷል። ደሙ በአንገቱ ወርዶ ሸሚዙን አልፎ እጁ ላይ ደርሶ ነበር።

ከዚያ ሦስት ሳምንት አለፈ። በእነዚያ ሳምንታት የሚሊ ጭንቀት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማሙሽ አንድ ቀን መቀመጫው ላይ እንዳለ ይቃጠላል። ይህን ሚሊ ያውቃል፤ ከሱ ሰምቼ እኔም አውቃለሁ። ሚኒባሷ በየጠዋቱ ስታልፍ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ሽታዋ ከእሷ ቀድሞ ይመጣል፤ ቆማ ስትጠብቅ ሞተሯ እንደ ተንተባታቢ ሰው ይደናቀፋል። ሚሊ እስክታልፍ ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል።

አንድ ጠዋት እጁ በቀዳዳዋ መጣ።

«ጎረቤት፣ ስንት ሰው ጭኗል?»

«አሥራ ሁለት ይሆናሉ።»

«ግፊት መቀነሻ አለህ?»

አልነበረኝም፤ አስመጣሁ። ለማሙሽ ከእኔ የመጣ አስመስለህ ስጠው አለኝ። እኔ መዋሸት አልችልበትም፤ ማሙሽ ፊቴን ሲያይ ገባው። ዕቃውን ከእጄ ነጥቆ ወደ አስፋልቱ ወረወረው። አንድ ከባድ መኪና ሄደበት።

«ለላከህ ንገረው» አለኝ፤ ማን ላከህ ብሎ እንኳ አልጠየቀም።

በሳምንቱ፣ በምሳ ሰዓት፣ ማሙሽና ረዳቱ ሚኒባሷን በር ላይ አቁመው ወደ ምግብ ቤት ሄዱ። ሱቄ ውስጥ ሆኜ ሚሊ በርሜሎቹን ሲሻገር አየሁት። የፊቱን መቀመጫ ገለበጠ፤ ጎንበስ አለ። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየኝ። ሩብ ሰዓት ቢሞላ ነው። መቀመጫውን መለሰ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ሽታው ጠፋ። ጭሱም ቀጠነ። ማሙሽ በበሩ ሲያልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በወንድሙ ላይ ጮኸ።

«አየህ ጋሼ! ፓምፑ ለመደ! በግርፊያ ሳይሆን በፍቅር!»

ሚሊ ቀና ብሎ አላየውም።

ፓምፕ አይለምድም። ይህን እኔም አውቃለሁ። አንድ መካኒክ የናሱን ምላስ አጣሞ ቤንዚኑን በጣም ዝቅ ቢያደርገው፣ በአጭር መንገድ ላይ መጥለቅለቁ ሊሰወር ይችላል። ሽታው ይጠፋል። ግፊቱ ግን እዚያው ነው። ረጅም ዳገት ወጥታ፣ ሞቃ፣ ቁልፉ እንደተከፈተ ብትቆም ቤንዚኑ መርፌውን ማሸነፉ አይቀርም። ሹፌሩ ግን ሽታ ስለሌለ አይጠረጥርም። ሚሊ ያን አድርጎ ከሆነ ወንድሙን ሊያድን ብሎ ማስጠንቀቂያውን ነው ያጠፋበት። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሳሳተው ደግሞ ደካማ መካኒክ አይደለም፤ በእጁ በጣም የሚተማመን ነው።

በአምስተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ሚኒባሷ ዳገቱን ወጥታ በጋራዡ በር ቆመች። መጨረሻ ፌርማታ ነው፤ ሰዎቹ ወረዱ። ሞተሯ ጠፋ። ማሙሽ ከረዳቱ ጋር እያወራ ቁልፉን ሳይመልስ ትንሽ ቆየ፤ ያ ፓምፕ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ከዚያ አስነሣት። አንዴ አሳላት። ሁለተኛ ሲሞክር በካርቡራተሩ በኩል ወደ ኋላ ተኮሰች፤ ከመቀመጫው ሥር እሳት ወጣ።

ረዳቱ በበሩ ዘለለ። የማሙሽ በር ድሮም እየተጣበቀ ያስቸግራል፤ አልከፈት አለ። እሳቱ በእግሩ መካከል ወጥቶ ፊቱን ያዘው። እጁ መሪው ላይ እንዳለ የጮኸው ጩኸት ቃል አልነበረውም።

«ቁልፉን! ማሙሽ፣ ቁልፉን አጥፋ!»

ሚሊ ሲጮኽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማሙሽ ቁልፉን ማግኘት አልቻለም። ፓምፑ እሳቱ ላይ እየረጨ ነው። ሚሊ እየሮጠ መጣና ከመኪናዋ ሥር በሆዱ ገባ፤ ወደ ታንኩ አካባቢ ሄዶ የፓምፑን ሽቦ በእጁ ጎትቶ በጠሰው። ከሽቦው ጋር አብሮ የተቀደደው ጎማ ቤንዚን ክንዱ ላይ ረጨ፤ ሲወጣ ግራ ክንዱ እየነደደ ነበር። እንደዚያው ሆኖ መስኮቱን በድንጋይ ሰበረ፤ ወንድሙን በኮሌታውና በፀጉሩ ይዞ ጎተተው። የፀጉሩ ቆዳ በእጁ ላይ ቀረ። ማሙሽ በተሰባበረው መስታወት ላይ ተንሸራቶ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። እኔ አሸዋ የሞላ ባልዲ ይዤ ቆሜ ነበር። ድፋው፣ ድፋው እያሉ ሲጮኹብኝ ደፋሁት።

ሚኒባሷ ተቃጥላ አለቀች። ካርቡራተሩ ቀልጦ ታኝኮ የተተፋ ማስቲካ መስሎ ነበር። ናሱ ምን ያህል ላይ እንደነበረ ከዚያ በኋላ ማንም ሊለካው አይችልም።

አሁን የእኔ ጥፋት። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የማሙሽ ሚስት ታለቅሳለች። «ያ ጨካኝ ወንድሙ እንኳ አንድ ቀን መኪናዋን ዞር ብሎ አላያትም!» አለች። እኔ ላጽናናት ብዬ «ኧረ አይቷታል፤ ባለፈው በምሳ ሰዓት መቀመጫውን ገልብጦ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ። ሚስትየው ማልቀሷን አቆመች። ረዳቱ ከግድግዳው ተነሥቶ አየኝ። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት ነገር የገባኝ፤ ከአፍ የወጣ ቃል ግን አይመለስም።

በማግስቱ ረዳቱና ሁለት ወንድሞቹ ብረት ይዘው መጡ። ሚሊ በፋሻ የታሰረ ክንዱን ታቅፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። መጀመሪያ ወንበሩን ከሥሩ መቱት፤ መሬት ላይ ጎኑን ረገጡት፤ የሥራ ጠረጴዛውን ገለበጡት። ከዚያ አንሥተው ደህና የቀረችውን ቀኝ እጁን ሞርሳው ውስጥ አስገቡ።

«ምን አደረግህ መቀመጫው ሥር?» አለ ረዳቱ።

ረዳቱ እጀታውን ግማሽ ዙር አዞረ።

«ከፍ አደረግኸው አይደል? እንዲቃጠል ነው አይደል? ተናገር አንተ!»

ሌላ ግማሽ ዙር። አጥንቱ ሲንቋቋ በአጥሩ በኩል ይሰማኛል። «ተዉት! አላውቅም፣ ምን እንዳደረገ አላየሁም!» ብዬ ጮኽኩ፤ ገብቼ አንዱን ያዝኩት፤ በክንዱ አፌን ሲመታኝ አንድ የታችኛው ጥርሴ ወለቀ። ሦስተኛውን ሲያዞሩ ሚሊ በእጁ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንዲት ቃል አልወጣችውም። ሰው ተሰብስቦ ሲጮኽባቸው ሄዱ። እጀታውን ወደ ኋላ የመለስኩት እኔ ነኝ። በየት በኩል እንደሚላላ ጠፍቶኝ መጀመሪያ ይበልጥ አጠበቅሁበት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ፖሊስ መጣ፤ ጻፈ፤ ሄደ። ሚሊ ማንንም አልከሰሰም። ሁለት ጣቶቹ ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም።

ማሙሽ በሁለት ወሩ ከሆስፒታል ወጣ። ቤቱ ሄጄ ጠየቅሁት። የፊቱ ግማሽ ተሸብሽቦ አንድ ዓይኑ አይዘጋም፤ ሲተኛ ጨርቅ ያለብሱታል። ሚስቱ ለእኔ ወንበር አላቀረበችም። ማሙሽ ግን «ጎረቤት፣ ና ተቀመጥ። ቆንጆ ሆንኩ አይደል?» አለኝ። ከዚያ ሚስቱን ወደ ውጭ ላካት።

«የሚስቴ ወንድሞች ያደረጉትን ሰማሁ። እኔ አላዘዝኳቸውም።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያን ቀን ምን አደረገ? ዝቅ አድርጎልኝ ከሆነ ሊያድነኝ ፈልጎ ነው፤ ተሳስቷል፤ እሱም ይሳሳት እንጂ፣ አንድ ቀን። ከፍ አድርጎት ከሆነ ደግሞ ልወቀው። ወይ ደግሞ ከፍቶ አይቶ፣ ምንም ሳይነካ ዘግቶ ሄዶ ከሆነ…» ጠፍጣፋዋን ጣቱን አየ። «ያን ልቻለው አልቻለው አላውቅም።»

«ራስህ ብትጠይቀውስ?»

«ሆስፒታል በየቀኑ ይመጣ ነበር እኮ። አልጋዬ ጫፍ ይቀመጣል። ጠየቅሁት። ትራሴን አስተካክሎ ሄደ። አንተ ጠይቅልኝ፤ አንተን አይመታህም፤ ያዝንልሃል። ከመለሰ እመለሳለሁ፤ በርሜሎቹንም አነሣለሁ። ካልመለሰ ድርሻዬን ለሌላ ሰው አስተላልፌ፣ ልጆቼን ይዤ ከዚህ ከተማ እወጣለሁ። እሱም ወንድም አለኝ አይበል።»

ይህን ይዤ ሁለት ቀን ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በበሩ በኩል ገባሁ። ሚሊ የአንድ አሮጌ መኪና ካርቡራተር በጉልበቱ መካከል ይዞ በግራ እጁ ይሠራል። ግራው ገና ቁስሉ አልደረቀም፤ ቆዳው ሮዝ ነው። ቀና ብሎ ሲያየኝ የመጣሁበት የገባው መሰለኝ።

«እንዴት ነው?» አለ።

«ደህና ነው። ይቀልዳል።»

«ዓይኑ?»

«ያያል። መዝጋት ነው ያቃተው።»

«ቅባት ስጠው ብያታለሁ ሚስቱን። ቀንና ማታ።»

«ትሰጠዋለች።»

ፒንሳውን አስቀመጠ። አንድ ጊዜ ብጀምር አቋርጣለሁ ብዬ ፈርቼ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አልኩት፤ ማሙሽ ልኮኝ ነው፣ ከመለስክለት ይመለሳል፣ ካልመለስክለት ድርሻውን ሰጥቶ ይሄዳል፣ የትኛውም ቢሆን መስማት ይፈልጋል።

«ያን ቀን መቀመጫውን ገልብጠህ ምን አደረግህ፣ ጋሽ ሚሊ?»

አየኝ። ሊመታኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ቢመታኝም አልጠላም ነበር።

«ይሄን አልመልስም» አለ።

«ለእኔ አይደለም እኮ። ለሱ ነው። ሊሄድብህ ነው።»

«ሰምቻለሁ። አልመልስም።» ከዚያ ረጋ ብሎ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ «ሌላ ካለህ ጠይቀኝ» አለኝ።

ሌላ አልነበረኝም።